መንገድ ከመሥራታችን በፊት የአፈሩን እርጥበት ከሳተላይት እንዴት እናንብብ?

ጥቅምት አጋማሽ ነበር። ዝናቡ ካቆመ ሳምንታት አልፈዋል። ቦታው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው የበቾ ሜዳ ነው፤ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ጥቁር አፈር። ላዩ ደርቆ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ሁላችንም «ደርቋል፣ እንጀምር» አልን። ዶዘሩ የመጀመሪያውን ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ገፎ ሲያነሣ ከሥር የወጣው አፈር እንደ ሊጥ ነበር። አንሥቼ ስጨብጠው የጣቶቼ አሻራ ቁልጭ ብሎ ቀረበት። ሮለሩ ሁለት ጊዜ ሲመላለስበት መሬቱ ከጎማው ፊት እንደ ፍራሽ ወደ ላይ ይነሣ ጀመር። ሥራው ሦስት ሳምንት ቆመ። ማሽን ደግሞ ቢቆምም ኪራዩ ይቆጥራል።

በኋላ የዚያን አካባቢ የሳተላይት መረጃ ከፍቼ ሳየው በጣም ቆጨኝ። የትኛው የመስመሩ ክፍል ቶሎ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ደግሞ እስከ ኅዳር ውኃ ይዞ እንደሚቆይ ከዓመት ዓመት ተመዝግቦ ተቀምጧል። መረጃው በነፃ ነው። ያጣነው የሚያነበው ሰው ብቻ ነበር። ይህን መመሪያ የምጽፈው ለሳይት መሐንዲሶች፣ ለማቴሪያል ባለሙያዎችና በየወረዳው የገጠር መንገድ ለሚያቅዱ ሰዎች ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። ሳተላይት የጠቀጣ እርጥበት፣ ማለትም ሮለር አፈሩን ሲጠቀጥቅ የሚያስፈልገውን እርጥበት፣ አይለካላችሁም። የሚያየው የአፈሩን ቆዳ ነው፤ ከላይ ያለውን ጥቂት ሳንቲ ሜትር። ጥቅሙ የት መቆፈር እንዳለባችሁና መቼ መግባት እንደምትችሉ መጠቆሙ ላይ ነው። ይህን ከያዛችሁ ቀሪው ሥራ ነው።

እንዴት ነው የሚያየው?

ደረቅ አፈር ለኤሌክትሪክ ሞገድ የሚሰጠው ምላሽ አነስተኛ ነው። ዳይኤሌክትሪክ የሚባለው ቁጥሩ ከ3 እስከ 5 አካባቢ ይሆናል። የውኃ ደግሞ ወደ 80 ይጠጋል። ስለዚህ አፈር ውስጥ ትንሽ ውኃ ሲገባ፣ ሳተላይቱ ላይ ካለው ራዳር ወደ መሬት የተላከው ሞገድ አመላለስ በግልጽ ይለወጣል። እርጥብ አፈር በራዳር ምስል ላይ ደመቅ፣ ደረቁ ጠቆር ብሎ ይታያል። ራዳር ደግሞ ደመና አይከለክለውም። ለእኛ ክረምት ከዚህ የተሻለ ዜና የለም፤ ተራ የሳተላይት ፎቶ ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ነጭ ደመና ብቻ ነው የሚያሳያችሁ።

1ኛ፦ ጥያቄያችሁን ጻፉ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉ። «የአፈር እርጥበት ማወቅ እፈልጋለሁ» አይበቃም። «ከኪሎ ሜትር 4 እስከ 19 ባለው መስመር ላይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ዘግይተው የሚደርቁት ቦታዎች የትኞቹ ናቸው?» ይህ ጥያቄ ነው። «ገልባጭ መኪናዎች ከካባው እስከ ሳይቱ ሳይሰምጡ መመላለስ የሚጀምሩት መቼ ነው?» ይህም ጥያቄ ነው። መልሱን ተከትሎ የምትወስኑት ነገር ከሌለ ካርታው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

2ኛ፦ መስመሩን ቆራርጡ

የመንገዱን መስመር ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ክፈቱ። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው። በየ200 ሜትሩ ቆራርጡት፤ ግራና ቀኙን 100 ሜትር አካትቱ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ የስቴሽን ቁጥሩን፣ ማለትም ከመንገዱ መነሻ ያለውን ርቀት በኪሎ ሜትርና በሜትር፣ ስጡት፤ ሳይት ላይ ያለ ሰው «ቁራጭ 37» ሲባል አይገባውም፣ «12+400» ሲባል ግን ተነሥቶ ይሄዳል።

ከዚያ ከየቁራጩ ውስጥ የማይፈለገውን አውጡ። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የባሕር ዛፍ ተክል፣ ነባር መንገድና ወንዝ መውጣት አለባቸው። ቆርቆሮ በተለይ ራዳሩን አጥብቆ ይመልሳል። አሥር ቤት ያለበት ቁራጭ ዓመቱን ሙሉ «እርጥብ» መስሎ ያታልላችኋል።

3ኛ፦ መረጃውን ሰብስቡ

ዋናው ሴንቲኔል 1 ነው። የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት ነው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2014 ተመጠቀ። የሞገዱ ርዝመት 5.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ምስሉ በ10 ሜትር ነጥብ ተዘርዝሮ ይመጣል። አንዱ ሳተላይት በየ12 ቀኑ ወደዚያው ቦታ ይመለሳል፤ የሚያልፈውም ንጋት 12 ሰዓት ወይም ምሽት 12 ሰዓት አካባቢ ነው።

ሁለተኛው የናሳው ስማፕ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 ተመጠቀ። ረዘም ባለ ሞገድ ስለሚሠራ የላይኛውን 5 ሳንቲ ሜትር እርጥበት በደንብ ይለካል፤ በየሁለት ሦስት ቀኑም ይመለሳል። ችግሩ ስፋቱ ላይ ነው። የተሻሻለው መረጃ እንኳ አንዱ ካሬ 9 ኪሎ ሜትር በ9 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ከተማ ከነእርሻው አንድ ቁጥር ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ስማፕን ለ«መቼ»፣ ሴንቲኔልን ለ«የት» ተጠቀሙበት። እኔ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምከፍለው።

በተጨማሪ ቺርፕስ ከተባለው የዝናብ መረጃ ክምችት የአካባቢውን ዝናብ ውሰዱ። ከእ.ኤ.አ. 1981 ጀምሮ አለ። ፎቶ ከሚያነሣው ሴንቲኔል 2 ደግሞ ኤንዲቪአይ የሚባለውን የዕፅዋት ሽፋን መለኪያ ውሰዱ። የ30 ሜትር የከፍታ ሞዴልም ጨምሩ። ከፍታውን ግን ሜዳ ላይ በጣም አትመኑት። እንደ በቾ ባለ ቦታ የመሬቱ ትክክለኛ ከፍታና ዝቅታ ከሞዴሉ ስሕተት ሊያንስ ይችላል። ውኃ የሚተኛበትን ቦታ እዚያ የሚያሳያችሁ ራሱ የውኃው ታሪክ ነው።

ሁሉንም በአንድ ቦታ ለመሥራት፣ የሳተላይት ምስል ሳታወርዱ በኢንተርኔት የምታሰሉበት ጉግል ኧርዝ ኢንጂን ይመቻል። ለትምህርትና ለምርምር ነፃ ነው። ለኮንትራክተር ሥራ ከሆነ ግን የንግድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህን ቀድማችሁ አጣሩ። ያለበለዚያ ምስሎቹን ኮፐርኒከስ ከተባለው የአውሮፓ የምድር ምልከታ ፕሮግራም የመረጃ ገጽ አውርዳችሁ ስናፕ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ማዘጋጀት ትችላላችሁ። ኢንተርኔት ደካማ ከሆነ ሌሊት አውርዱ፤ አንዱ ምስል ብቻውን ከባድ ነው።

4ኛ፦ ምስሉን ወደ እርጥበት መለኪያ ቀይሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንሂድ።

ቪቪ የተባለውን ባንድ፣ ማለትም ሞገዱ በቁመት ተልኮ በቁመት የተቀበሉትን፣ ምረጡ። ከዚያ የአንድ ምሕዋር ምስሎችን ብቻ ውሰዱ፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደውን ከደቡብ ወደ ሰሜን ከሚሄደው ጋር አትቀላቅሉ። ሳተላይቱ ከሌላ ማዕዘን ሲያይ አፈሩ ሳይለወጥ የምስሉ ድምቀት ይለወጣል። ቢያንስ የሦስት ዓመት፣ ቢቻል የአምስት ዓመት ምስል ያስፈልጋችኋል።

የራዳር ምስል ሲታይ ጨውና በርበሬ የተበተነበት ይመስላል። አንዷን ነጥብ ይዛችሁ አትፍረዱ። የ200 ሜትሩን ቁራጭ አማካይ ውሰዱ። አማካዩ ሲሠራ ቁጥሩ በዴሲቤል፣ ማለትም የተመላሹ ሞገድ ጥንካሬ በሎጋሪዝም በሚጻፍበት መለኪያ፣ መሆን የለበትም፤ መጀመሪያ ወደ ተራ ቁጥር መልሱት፣ አማካዩን አስሉ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ዴሲቤል ውሰዱት።

አሁን ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፤ በዓመታቱ ውስጥ በጣም ደረቅ የነበረበትንና በጣም እርጥብ የነበረበትን። ጫፍ የወጣ አንድ ስሕተት እንዳያበላሸው ከመቶ 5ኛውንና ከመቶ 95ኛውን ደረጃ ውሰዱ። እንበል ደረቁ -15፣ እርጥቡ -8 ዴሲቤል ሆነ። የዛሬው -10 ነው። ከደረቁ ያለው ርቀት 5፣ ጠቅላላው ስፋት 7። 5 ለ7 ሲካፈል 71 በመቶ። ይህ ማለት ቦታው ከራሱ ድርቀት ወደ ራሱ እርጥበት በሚወስደው መንገድ 71 በመቶ ላይ ነው። የውኃ መጠኑ 71 በመቶ ነው ማለት አይደለም! ይህን ቁጥር ሪፖርት ላይ «የእርጥበት መጠን» ብሎ ጽፎ ያስረከበ ሰው አይቻለሁ፤ አንባቢውን የሚያሳስት ነገር ነው።

አራት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ከሁሉ ይከፋል፦ የተኛ ውኃ። ለጥ ያለ የውኃ ገጽ እንደ መስታወት ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወረውረዋል፤ ስለዚህ ጎርፍ የተኛበት ቦታ በምስሉ ላይ ጠቁሮ «ደረቅ» ይመስላል። አዋሽ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲፈስ በነሐሴ የምታዩት ይህንን ነው። ቁራጩ በክረምት መካከል በድንገት ከደረቅ ወቅቱም በታች ከወረደ ውኃ ተኝቶበታል ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ከስሌቱ አውጡት። በሌላ ቀለምም ምልክት አድርጉበት፤ ቱቦና ካልቨርት (በመንገድ ሥር ውኃ ማሳለፊያ) የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

ሁለተኛው ሰብል ነው። ጤፉ ሲያድግ ራዳሩ የሚያየው አፈሩን ሳይሆን ጤፉን ይሆናል። የዕፅዋት ሽፋን መለኪያው ከ0.5 በላይ በሆነበት ጊዜ ውጤቱን አትመኑ። ሦስተኛው እርሻ ነው። አዲስ የታረሰ መሬት ሸካራ ስለሆነ ሳይረጥብም ይደምቃል። አንድ ቁራጭ ብቻውን፣ ዝናብ ሳይዘንብ ቢደምቅ በሬ ገብቶበታል ማለት ነው። ቺርፕስን አስተያዩ። አራተኛው የጥቁር አፈር ስንጥቅ ነው። በየካቲትና በመጋቢት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ሲከፈት የገጹን ሸካራነት ይለውጠዋል፤ የዚያን ጊዜ ትንንሽ ልዩነት ለመተርጎም አትድከሙ።

5ኛ፦ አፈሩን ሄዳችሁ ውሰዱ

ያለዚህ እርምጃ ሁሉም ነገር ግምት ነው። ሳተላይቱ የሚያልፍበትን ቀን አስቀድማችሁ እወቁ፤ የሚያልፍበትም ሰዓት ይመቻል፣ ንጋት ላይ ከሆነ ፀሐይ ገና አፈሩን አልነካችውም። በዚያው ጠዋት ናሙና ውሰዱ። ከደረቅ፣ ከመካከለኛና ከእርጥብ ቁራጮች በድምሩ ወደ 30 የሚሆኑ ቦታ ምረጡ። በየቦታው አንድ ሳይሆን አምስት ናሙና ከ0 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውሰዱ፤ አፈር በአንድ እርምጃ ይለያያል።

ናሙናው ጣሳ ውስጥ እንደገባ ክዳኑን ግጠሙ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ፣ ስቴሽኑን በጣሳው ሆድ ላይ ጻፉ። ክዳን ይቀያየራል፤ ጣሳ ግን ከአፈሩ አይለይም። ጣሳዎቹን በፀሐይ የጋለ መኪና ውስጥ አታሳድሩ። አንድ ጊዜ ክዳኑ የላላ ጣሳ ስከፍት ውስጡ ላብ ሞልቶ ነበር፤ ውኃው ከአፈሩ ወጥቶ ክዳኑ ላይ ተንጠልጥሏል። ያንን ናሙና ጣልኩት።

ላብራቶሪ ውስጥ ከ105 እስከ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ምድጃ 24 ሰዓት ይደርቃል። ስሌቱ ቀላል ነው። ባዶ ጣሳው 30 ግራም፣ ከእርጥብ አፈር ጋር 148፣ ከደረቀ በኋላ 118 ቢሆን ውኃው 30 ግራም፣ ደረቅ አፈሩ 88 ግራም ነው። 30 ለ88 ሲካፈል 34.1 በመቶ። የመንገድ መሐንዲስ የሚጠቀመው ይህንን በክብደት የተሰላ እርጥበት ነው። ሳተላይት ግን በይዘት፣ ማለትም ውኃው ከአፈሩ ጠቅላላ መጠነ ቦታ የያዘውን ድርሻ፣ ነው የሚናገረው። ለማስታረቅ በደረቅ ጥግግቱ (በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ያለው ደረቅ አፈር ክብደት) አባዙት፤ ጥግግቱ በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 1.1 ግራም ከሆነ 37.5 በመቶ በይዘት ይሆናል። ሁለቱን ቁጥሮች ሳይለዩ ያወዳደሩ ሰዎች «ሳተላይቱ ይዋሻል» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሳተላይቱ አልዋሸም፤ የተወዳደረው የማይወዳደር ነገር ነው።

ከዚያ የናሙናውን ቁጥር በአንድ ዘንግ፣ የሳተላይቱን መለኪያ በሌላው አድርጋችሁ ቀጥታ መስመር አውጡ። ከናሙናዎቹ ሲሦውን ለፈተና አስቀሩ፤ መስመሩን ስታወጡ አትጠቀሙባቸው። መስመሩ ያላያቸውን ነጥቦች ምን ያህል እንደሚገምት ስታዩ እውነተኛ ስሕተታችሁን ታውቃላችሁ። ስማፕ ራሱ ሲነደፍ የተቀመጠለት የስሕተት ግብ በይዘት 4 በመቶ ነበር። የእናንተ 6 ቢሆን አትደንግጡ። 12 ከሆነ ግን ወጥመዶቹን እንደገና ፈትሹ።

6ኛ፦ ከላይኛው ቆዳ ወደ ውስጥ ውረዱ

እኛን በበቾ ያሳሳተን ይህ ነው። ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ሊጥ።

ውስጡን ለመገመት የላዩን ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። ዘዴው ቀላል ነው። የውስጡ አዲስ ግምት ማለት የቀድሞው ግምት፣ ዛሬ ላዩ ላይ ወደ ታየው ቁጥር የልዩነታቸውን ጥቂት ክፍል ያህል ሲጠጋ ነው። ያ ክፍል ውኃው ወደ ውስጥ ለመድረስ በሚፈጅበት ጊዜ ይወሰናል። ጊዜውን 40 ቀን፣ የሳተላይቱን መመለሻ 12 ቀን ካደረግነው ክፍሉ 0.26 ገደማ ይሆናል። በ4ኛው እርምጃ የመቶኛ መለኪያ የውስጡ ግምት 80 ነበር እንበል፤ ዛሬ ላዩ 20 ሆነ። ልዩነቱ ከ80 ወደ 20፣ 60 ነው። በ0.26 ሲባዛ 15.6። ከ80 ሲቀነስ 64.4። ላዩ ወደ ድርቀቱ ተጠግቶ እያለ ውስጡ ገና 64 ላይ ነው። በሚቀጥለው ማለፊያ ላዩ 15 ቢሆን ውስጡ ወደ 51.6 ይወርዳል። ለሌላውም እንዲሁ።

40 ቀን የሚለውን ቁጥር ከሰው አትዋሱ። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጉድጓድ ቆፍራችሁ ከ30፣ ከ60 እና ከ100 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ናሙና ውሰዱ፤ ከግምቱ ጋር የሚገጥመውን ጊዜ ፈልጉ። ጥቁር አፈር ከቀይ አፈር የተለየ ጠባይ አለው። በክረምቱ መጀመሪያ ውኃው በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይገባል። አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ሲዘጋ ደግሞ ውኃ ማሳለፉን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ የገባው እዚያው ይቀራል።

የአካባቢውን ሰውም ጠይቁ። የሳይታችን ጥበቃ የነበሩ አንድ አባት፣ «አባባ፣ ይህ ቦታ መቼ ይደርቃል?» ስላቸው በእጃቸው ወደ አንድ የሽምብራ ማሳ እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ሽምብራው እኮ ያለ ዝናብ የሚበቅለው ውኃ ከሥር ስላለ ነው። ከኅዳር ሚካኤል በፊት እዚህ ከባድ ነገር አታግቡ» አሉኝ። ሽምብራና ጓያ በዝናቡ መውጫ ተዘርተው በቀሪ እርጥበት የሚደርሱበት ማሳ ማለት እስከ በጋው ድረስ ውኃ የያዘ መሬት ነው። እንደዚህ ያለውን ማሳ ካርታችሁ ላይ አስገቡት፤ ከአንድ ተጨማሪ ጉድጓድ ይበልጣል።

7ኛ፦ ካርታውን ወደ ውሳኔ ለውጡ

ቁራጮቹን በሦስት ቀለም ክፈሉ፤ ዝናብ ካቆመ ከ30 ቀን በኋላ የውስጣቸው ግምት ከ40 በታች የሆኑ፣ ከ40 እስከ 65 ያሉ፣ ከ65 በላይ የሆኑ። ድንበሮቹን ከጉድጓዶቹ ውጤት ጋር አስተካክሏቸው፤ የኔ ቁጥሮች ለመነሻ ናቸው። በየዓመቱ በሦስተኛው ቀለም የሚወድቁ ቁራጮች የዲዛይን ጉዳይ ናቸው። እዚያ ሙሌቱ ከፍ ይላል፣ ቦዩ ይጠልቃል፣ ቱቦ ይጨመራል፣ ወይም መስመሩ ትንሽ ይሸሻል። የአፈር ምርመራ ጉድጓዶችንም በእኩል ርቀት ከመደርደር ወደዚያ አብዙ።

የመጀመሪያው ቀለም የሥራ መጀመሪያችሁ ነው። ከኪሎ ሜትር ዜሮ ጀምሮ በተራ መሄድ ልማድ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። መጀመሪያ የደረቀው ላይ ግቡ፣ ሌላው እስኪደርቅ ጊዜ ታገኛላችሁ። የበልግ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ስለሚችል ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ወርቅ ነው።

8ኛ፦ ጠቀጣው ላይ ሳተላይቱን ዝጉት

ሮለሩ ሲገባ የሚያስፈልገው ቁጥር የፕሮክተር ሙከራ (አፈሩ በየትኛው እርጥበት በደንብ እንደሚጠቀጠቅ የሚያሳየው የላብራቶሪ ሙከራ) የሰጠው ተመራጭ እርጥበት ነው፤ ሙሌቱም በዚያ ቁጥር ዙሪያ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት በመቶ ግራና ቀኝ ባለ ወሰን ውስጥ መሆን አለበት። ይህንን ወሰን ከጠፈር የሚያይ ነገር የለም። ስፒዲ የሚባለውን ሳይት ላይ ቶሎ የሚለካ የእርጥበት መለኪያ ወይም ምድጃውን ተጠቀሙ።

አንድ ስሌት ግን ከዚሁ ጋር ላስቀምጥ፤ በበጋ ውኃ ስታቅዱ ይረዳል። ከካባው የሚመጣው ማቴሪያል 6 በመቶ እርጥበት አለው፣ ተመራጩ 12 ነው፣ ደረቅ ጥግግቱ በኪዩቢክ ሜትር 1.8 ቶን ነው እንበል። ጎደሎው 6 በመቶ ስለሆነ ለአንድ ኪዩቢክ ሜትር 108 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። 8 ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ኪሎ ሜትር ንጣፍ 1,600 ኪዩቢክ ሜትር ነው። ስለዚህ 172,800 ሊትር፤ 16,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ 11 ምልልስ ማለት ነው። በፀሐይ የሚተነውን ጨምሩበት። የሳተላይቱ ካርታ እዚህ የሚረዳችሁ ቦቴው ሳይሰምጥ የሚሄድበትን መንገድ ለመምረጥ ነው።

9ኛ፦ በየ12 ቀኑ አድሱት

ሥራው ከተጀመረ በኋላ አዲስ ምስል በመጣ ቁጥር ካርታውን አድሱና በሳይት ስብሰባ ላይ አቅርቡ። የቆመ ማሽን፣ የሰመጠ መኪና፣ የተነቀለ ሙሌት በተመዘገበ ቁጥር ቀኑንና ስቴሽኑን በዚያው ሠንጠረዥ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የተመጠቀው የአሜሪካና የህንድ ራዳር ሳተላይት ኒሳር ደግሞ 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ረጅም ሞገድ ይሠራል። ረጅም ሞገድ ሰብሉን የማለፍ አቅሙ ከሴንቲኔል 1 የተሻለ ነው። የጤፉን ወቅት ውጤት ከሁለቱም አውጥታችሁ አስተያዩ፤ ለዚህም የዘንድሮን የናሙና ውጤት ከነቀኑና ከነቦታው አስቀምጡት።